ከሥዕሉ ጀርባ ያለው ቅቤ

የአባቴ ቤት ምሰሶ ጥቁር ነበር። ከታች እስከ ላይ ጭስ ያጠቆረው ነው፤ ይኼ የሁሉም ቤት ነገር ነው። የእኛ ምሰሶ ግን በቆመ ሰው ደረት ልክ፣ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ፣ ከጭሱ የተለየ ሌላ ጥቁረት ነበረው። ያ ቦታ ያብለጨልጫል። በጋ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲግል ደግሞ ያልበዋል። በልጅነቴ ጣቴን አስነክቼ አሽትቼዋለሁ፤ የከረመ ቅቤ ይሸታል። አባቴ በየዓመቱ በጊፋታ፣ በመስቀል ሰሞን ማለት ነው፣ ማንም ሳይቀምስ ቅቤ የሚቀባው እዚያ ላይ ነበር። ከእሱ በፊት አያቴ ቀብቷል፣ ከአያቴ በፊትም የእሱ አባት። የሞቱ አባቶች ወደ ቤት ሲገቡ እጃቸውን የሚያሳርፉት እዚያ ነው ይባል ነበር።

በምሰሶው ጀመርኩ እንጂ ለመጻፍ የተነሳሁትስ ስለ ሌላ ነገር ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ አግብቼ ብዙ ሳልቆይ፣ በዚያው በአባቴ ቤት ውስጥ ለጸሎት የምትሆን ትንሽ ቦታ ለማሰናዳት ዕቃ እንዴት እንዳሰባሰብኩ ላወራ ነው። ዕቃው ጥቂት ነው፤ በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራል። ግን አንዱን ሳነሳ ሌላው ይከተለዋል፣ መጨረሻው ምሰሶው ጋ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ስለሆነ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ።

አባቴ ሲሞት እኔ ወንጂ ነበርኩ፤ አገዳ ቆረጣ። ያን ጊዜ ከእኛ አገር ጎረምሳው ሁሉ የግብር መክፈያና የከብት መግዣ ፍለጋ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ወሬውን ያመጣልኝ ሥራ ፍለጋ የመጣ የሰፈራችን ሰው ነው። ስለ ቤት ስጠይቀው እሱ ቆሎውን ወደ እኔ ይገፋል።

«መጀመሪያ ብላ» አለኝ።

«በልቻለሁ። አባቴስ?»

«ብላ አልኩህ እኮ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ከተቀበረ ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል።

በእኛ ሰፈር አባወራ ሲሞት ነገሩ በቀብር አያልቅም። ለቅሶው ካበቃ በኋላ የበኩር ልጅ፣ በእኛ ቋንቋ ባይራ የምንለው፣ በአባቱ የቀንድ ዋንጫ ጠላ ይዞ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ፊቱን ወደ እንሰቱ አዙሮ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ና፣ ግባ» ይላል። ከዚያ ይገባና ጠላውን ምሰሶው ሥር ያፈሳል፣ ቅቤውን ይቀባል። አባት ገባ ማለት ነው። ይኼ እስኪሆን የሞተው ሰው ቤት አይገባም፤ እንሰቱ መሃል ቆሞ ይጠብቃል። ታናሽ ወንድም ሊጠራው አይችልም፣ ሚስትም አትችልም። የባይራው ነው። ባይራው ደግሞ ወንጂ ነበር።

ወዲያው አልተመለስኩም። የአገዳው ቆንጨራ እግሬን ቆረጠኝ፤ ቁስሉ አመርቅዞ ብዙ ሳምንት አስተኛኝ። በምናድርበት ክፍል ከጎኔ የሚተኛው የዱቦ አገር ሰው ነበር፤ ካቶሊክ ነው። የተገለበጠ የሳሙና ሳጥን ላይ አንዲት መስቀልና የሻማ ቁራጭ አስቀምጦ ሲመሽ ይንበረከካል። ሌላው ካርታ ይጫወታል፣ ይሰዳደባል። እኔ በትኩሳት ውስጥ ሆኜ ያቺን ነበልባል ብቻ አያለሁ። ከሰውየው ጋር ብዙም አላወራን። ብቻ፣ ከዳንኩ እንደዚህ ያለ ነገር በቤቴ ይኖራል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ዳንኩም።

አገሬ ተመልሼ ሚስት ካገባሁ በኋላ ዱቦ፣ ወደ ካቶሊኮቹ ሚሲዮን፣ መመላለስ ጀመርኩ። ከመንደራችን ግማሽ ቀን በእግር ነው። ከዓመት በላይ ተማርኩ። ያስተማረን ካቴኪስት የእኛው አገር ሽማግሌ ነበር፤ ሲናገር የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚፈራ የሚመስል፣ ለስላሳ ሰው። ከመጠመቃችን በፊት የምንተዋቸውን ነገሮች በጣቱ እየቆጠረ ነገረን። ሙታንን መጥራት ከእነዚያ አንዱ ነበር።

«ትተዋለህ?» አለኝ።

«እተዋለሁ» አልኩ።

ከልቤ ነው ያልኩት። እናቴ ግን ቤት ሆና እየጠበቀችኝ ነበር።

እናቴ ተናጋሪ ሴት አልነበረችም። አባትህን ጥራው ብላኝ አታውቅም፤ ባይራ አይታዘዝም፣ ጊዜውን ራሱ ያውቃል። ግን ምሽት በሩ ከመዘጋቱ በፊት ብቅ ትልና እንሰቱን ታያለች። ቆም ትላለች፣ ትገባለች። ክረምት ላይ ባሰባት። ዝናቡ የእንሰቱን ቅጠል ሲደበድብ ካደረ፣ ጠዋት እሳቱን እየቆሰቆሰች «ዛሬም ዘነበበት» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። እህል ቀንሳ ነበር። ሚስቴ ቆጮውን በቅቤ ለውሳ ታቀርብላታለች፤ ሁለቴ ጎርሳ ትገፋዋለች። የአንገቷ አጥንት ይቆጠር ጀመር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። ይቺ ሴት በእኔ ምክንያት ልታልቅ ነው ብዬ እፈራ ነበር፤ ፍርሃቴን የምነግረው ሰው ደግሞ የለም። ለካቴኪስቱ ብነግረው፣ ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ።

በተጠመቅሁ በዓመቱ፣ በበጋው፣ ካቴኪስቱ ከፋሲካ በኋላ በየቤቱ እየዞረ የተባረከ ውሃ እንደሚረጭ ነገረን።

«በየቤታችሁ ንጹሕ ቦታ ለዩ» አለ። «ትልቅ ነገር አትፈልጉ። ጠረጴዛ ቢጤ፣ ነጭ ጨርቅ፣ ሥዕል፣ ሻማ፣ ውሃው የሚቀመጥበት ዕቃ። በቃ።»

በቃ ማለት ቀላል ነው። እኔ ያለኝ አንዲት ላም፣ እንሰቱና ከጓሮ ያለ ትንሽ የቦይና እርሻ ነበር። ቦይና ከመሬት ሥር ተቆፍሮ ተቀቅሎ ይበላል እንጂ ሥዕል አይገዛም።

ሳጥኑን ከሚሲዮኑ አገኘሁት። ሕንጻ ይሠሩ ነበር፤ ሦስት ቀን ድንጋይ ስሸከም ውዬ፣ መድኃኒት የመጣበትን ባዶ ሳጥን በላዩ ጨምሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሰጡኝ። ግማሹን ቀን በራሴ ተሸክሜው ሄድኩ። ጎኑ ላይ የፈረንጅ ፊደል በእሳት ተተኩሶበታል። ፊደሉን ወደ ውስጥ ላዞር ስል ሚስቴ ከለከለችኝ።

«ወደ ውጭ ይሁን» አለች። «እንግዳ ሲመጣ ማንበብ የሚችሉ ናቸው ይለናል።»

«ምን ይላል ቢልሽስ?»

«‹ሸክም የሚወድ ባል› ይላል እለዋለሁ።»

ሚስቴ የሁምቦ ልጅ ናት። የቆላ ሰው ምላሱ ይሞቃል ይባላል፤ በእሷ እውነት ነው። ብርድ ግን አትችልም። ከእኛ አገር የጠላችው ነገር ቢኖር ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ነበር።

ሻማውን እሷ ናት የሠራችው። የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ተቃጥሎ ያለቀውን ቁርጥራጭ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሚስቴ ከአገሯ ባመጣችው ጥጥ ክር ፈትላ፣ ክሩን በቀርከሃ ቱቦ መሃል ወጥራ፣ ሰሙን አቅልጣ አፈሰሰችበት። ሲረጋ ቀርከሃውን ሰነጠቅነው። ሻማው ጠማማ ነው፣ መልኩም ዝንጉርጉር ነው፤ ግን ክንድ ያህላል።

ሥዕሉ ከሶዶ ነው። ገበያው ዳር ሱቅ ያለው አንድ የጉራጌ ነጋዴ የእመቤታችንን ሥዕል ከመርፌና ከክር ጋር ሰቅሎ አይቼ ነበር።

«ይኼ ስንት ነው?» አልኩት።

«እሱ መስታወት አለው፣ ፍሬም አለው፣ ከጀርባው ጣውላ አለው።» እግሬን አየ። «ጫማ ያልገዛ ሰው መስታወት አይገዛም፣ ወንድሜ።»

«ጫማ ብገዛ መቼ ለሥዕል ይተርፈኛል?»

ሳቀ። «ካቶሊክ ነህ?»

«ነኝ።»

«እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እመቤታችን የሁላችንም እናት ናት። ዋጋው ላይ ግን እንለያያለን።» እንዲህ ካለ በኋላ ከጠረጴዛው ሥር የተጠቀለለ ሌላ ሥዕል አወጣ፤ ወረቀት ብቻ ነው፣ ሰማያዊ ልብስ የለበሰች፣ እጇን የዘረጋች። «ያ የጭነት መኪና ጨው ይዞ ቆሟል። አውርድልኝና ይቺን ውሰድ።»

አወረድኩ። ጨው ከላብ ጋር ሲሆን ጀርባ እንዴት እንደሚያቃጥል የተሸከመ ያውቀዋል። በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ያ ባለ ጣውላው ቢሆን ኖሮ የሆነው ባልሆነ ነበር። ወይ ደግሞ ትንሽ ዘግይቶ ይሆን ነበር።

ቦታውን መምረጥ ነበረብኝ። የእኛ ቤት ክብ ነው፤ በአንድ ወገን ላሟ ታድራለች፣ በሌላው ወገን መኝታችን ነው፣ መሃል እሳቱ አለ። ግድግዳው ዳር ዳሩን ዝናብ ያስገባል። ከእበትም ከፍሳሽም የራቀ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከምሰሶው ፊት። ያንን ቅቤ የጠጣ ቦታ በአመድና በፈላ ውሃ ፈተግሁት። ቀኑን ሙሉ ፈተግሁት። ጥቁረቱ ብሶበት አበራ እንጂ አልለቀቀም። እንግዲያው ሥዕሉ ይሸፍነዋል አልኩና ወረቀቱን በእሾህ እዚያው ላይ ቸከልኩት፤ ሳጥኑን ከሥሩ አስቀመጥኩ።

እናቴ ሁሉንም ታያለች፣ አትጠይቅም። ብቻ ከሳጥኑ ዙሪያ ያለውን መሬት ሳትታዘዝ መጥረግ ጀምራ ነበር። አንድ ጠዋት ከሚስቴ ጋር ጨርቅ ከየት እናምጣ ስንባባል ሰማችን።

«ነጭ ነው የሚፈለገው?» አለች።

«ነጭ ነው እማዬ።»

ወደ መኝታዋ ሄዳ ከቅርጫቷ አንድ የታጠፈ ጨርቅ አወጣች። ገና ውሃ ያልነካው የእጅ ሥራ ጥጥ ነው።

«ለእሱ መገነዣ ከተሸመነው የተረፈ ነው» አለች። «እኔ ላይ ሲደርስ ይሆነኛል ብዬ አስቀምጬው ነበር። እንግዲህ የእሱ ነገር ከደረሰ ለእሱ ይሁን።»

እሷ ጨርቁን ሳጥኑ ላይ ዘርግታ በመዳፏ ታስተካክለዋለች። ከዚያ የአባቴን የቀንድ ዋንጫ ከተሰቀለበት አውርዳ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው። እናቴ ያ ሁሉ ሽር ጉድ የአባቴን ቦታ ማሰናዳት መስሏት ነበር። ባይራዋ ተነስቷል። መቼም ያሰባሰብኩትን ነገር ላየ፣ እሷ የምታውቀውን ላወቀ፣ ሌላ ምን ይመስላል? የምሰሶው ፊት፣ አዲስ ጨርቅ፣ ዋንጫ።

«ዘገየህ እንጂ አልረሳህም» አለችኝ።

«አልረሳሁም» አልኩ።

ይኼ ነው እንግዲህ። ጨርቅ ያስፈልገኝ ነበር፣ የውሃ ዕቃም ያስፈልገኝ ነበር፣ መግዣ አልነበረኝም። ድህነት ነው ያሳተኝ ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን የእናቴ ፊት ነው። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

የዚያን ቀን ቆጮውን ጨርሳ ጨምሩልኝ አለች። ሚስቴ በእሷ አናት ላይ አሻግራ አየችኝ። በኋላ ጓሮ ስንወጣ ያዘችኝ።

«ንገራት።»

«ነገ እነግራታለሁ።»

«የአንተ ነገ እንደ ሁምቦ ዝናብ ነው፤ ደመናውን አይተን ዘሩን እናዘጋጃለን፣ አይመጣም።»

«ዛሬ በላች እኮ» አልኩ።

እሷም ለቀቀችኝ። ስትበላ አይታታለች እኮ።

ሻማውን አብርተን ስንንበረከክ እናቴ ከእሳቱ ወዲያ ሆና በጸጥታ ታዳምጣለች። እኛ በዝግታ ስናንሾካሹክ የእነዚህ አዲሶቹ አጠራር እንዲህ ነው ብላ ሳይሆን አይቀርም፤ ደጃፍ ላይ ቆሜ ስላልተጣራሁ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሽት ምሽት ወደ እንሰቱ መውጣቷን ተወች። ከዱቦ አምጥቼ ዋንጫው ውስጥ ያኖርኩትን የተባረከ ውሃ አልነካችም። እንቅልፍ ተኛች። እኔ ግን እሷ የተወችውን ያዝኩት። በሩን ልዘጋ ስሄድ እንሰቱን አያለሁ። ቅጠሉ ይነቃነቃል፤ ነፋስ ነው። ነፋስ ሳይኖርም የሚነቃነቅ ይመስለኛል።

መጋቢት ገባ፣ ሙቀቱ በረታ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በእመቤታችን ልብስ ጫፍ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠቃጠቆ አየሁ። በማግስቱ የዕንቁላል ያህል ሆነች። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ እንደ መስታወት ሳሳ፤ ከጀርባው የምሰሶው ጥቁረት ይታያል። ከወረቀቱ ጀርባ የደረቀ የእንሰት ቅጠል አስገባሁ። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉንም አልፎ መጣ። መዳፍ አከለ።

በዚያው ሰሞን የሚስቴ ወንድም ከሁምቦ ለጥየቃ መጣ። ፕሮቴስታንት ነው፣ ቀልደኛም ነው። ገብቶ ሥዕሉን አየና ጢሙን ዳበሰ።

«እኛ አገር ምሰሶውን ጠርበን ነው የተገላገልነው» አለ። «እናንተ ልብስ ገዛችሁለት።»

ሚስቴ «አንተን ማን ልብስ በገዛልህ» ብላ ተረበችው፣ ተሳሳቅን። እኔ ግን እየሳቅሁም ዓይኔ ከወረቀቱ ላይ አልተነሳም።

እሱ በሄደ ማግስት እናቴን ከሥዕሉ ፊት ቆማ አገኘኋት። መዳፏን የወዛው ቦታ ላይ አሳርፋለች። ልክ ነው፤ መዳፍ ይበቃዋል።

«እጁን አሳረፈ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንደተኛበት ቤት።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ቅቤ ሙቀት ሲያገኝ እንደሚቀልጥ፣ ወረቀት ደግሞ እንደሚጠጣው አውቃለሁ፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የፈራሁት። የእኔ መዳፍ ከአባቴ መዳፍ ጋር እኩል ነው ይሉኝ ነበር ሰዎች። በዚያ ቦታ ላይ እጄን ለማሳረፍ አልደፈርኩም። እስከ ዛሬም አልደፈርኩም።

ፋሲካ አለፈ። ካቴኪስቱ የመጣው ሰማዩ በጠቆረ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ሊጀምር ሲል። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ሳጥኑን አየ፣ ሻማውን አየ፣ ደስ አለው። «ንጹሕ ነው» አለኝ። ከመንገድ የቀጠፋትን የወይራ ቅጠል ከኪሱ አወጣ። ይዞት የመጣው ውሃ በሌሎች ቤቶች አልቆ ነበርና ቅጠሉን ከዋንጫው ነከረ። ነክሮ ወደ ላይ ሲያነሳ ቆመ። ቅጠሉን አሸተተ።

ጠላ ነው። እናቴ ትልቅ ሰው እንደሚመጣ ሰምታ ጠዋት ውሃውን ደፍታ ጠላ ሞልታበታለች። እሷ በሁለት እጇ በቅጠል የያዘችውን ለጋ ቅቤ ወደ ካቴኪስቱ እያቀረበች፣ «እንኳን መጣህ» አለችው። «ሰውዬው ገብቷል። አንተም ሰላም በለው።»

ካቴኪስቱ ወደ እሷ አላየም፤ ወደ እኔ ዞረ። «ማን ነው የገባው?» አለኝ።

ሚስቴ መሬት መሬት ታያለች። ላሟ ታመሰኳለች። ከዚያ በላይ መሸሻ አልነበረኝም።

«እማዬ» አልኩ፣ «ይኼ የአባቴ ቦታ አይደለም። የጸሎት ቦታ ነው። እኔ አልጠራሁትም።»

ቅቤውን እንደያዘች ቀረች።

«ጨርቁን ተቀብለኸኝ?»

«አዎ።»

«ዋንጫውንም ተቀብለኸኝ?»

«አዎ እማዬ።»

«ልትጠራውስ ነው?»

ካቴኪስቱ እየሰማ ነው። ባይሰማም ያው ነው፣ ቃል ሰጥቻለሁ። «አልጠራውም» አልኩ።

አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ብዙ ታውቃለህ። እንግዲያው የት ነው ያለው?»

ካቴኪስቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ለዚህ ጥያቄ ከትምህርቱ የሚመልሰው ቃል እንደነበረው አውቃለሁ፤ አስተምሮኛልና። ያን ቀን አንዱንም አላወጣውም።

«እኔ አላውቅም፣ እናቴ» አለ። «እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ካወቀ ለምን አያስገባውም?»

ካቴኪስቱ የወይራ ቅጠሏን ወደ ኪሱ መለሰ። ቅቤውን ሳጥኑ ላይ አላስቀመጠችም፣ መሬትም አልጣለችውም፤ ለሚስቴ ሰጠቻት። ከዚያ ምንጣፏን ከእሳቱ ጎን ጠቅልላ አነሳችና በሩ ሥር ዘረጋችው። በሩን በስንዝር ያህል ገለጥ አድርጋ እዚያው ተቀመጠች። ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ የሚሰማው እንሰቱ ላይ ነው።

«ጨርቁን ልመልስልሽ» አልኳት በማግስቱ።

«የሰጡት አይመለስም» አለች። «እዚያው ይሁን።»

ሁለት ክረምት በሩ ሥር ተኛች። በሩ ተዘግቶ አያውቅም። እሱ ውጭ ብቻውን እንዳይሆን መሆኑን ለማንም አልተናገረችም፤ መናገር አላስፈለጋትም። ብርድ ጠላቷ የሆነችው ሚስቴ አንድ ቀን እንኳ በሩን አልገፋችውም። ከእናቴ ጀርባ የላም ቆዳ ወጥራ ነፋሱን ትከልላለች፤ «እኔን የዳሞታ ነፋስ ነው የሚገድለኝ ስል፣ ለካ የአማቴ በር ነው» ትላለች፣ እናቴም ፈገግ ትላለች። ከእኔ ጋር ተኳርፈን አናውቅም። ትበላለች፣ ትቀርበኛለች። ያ ነው የከበደኝ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ካቴኪስቱ በመጣ ቁጥር ወደ ሳጥኑ አያልፍም ነበር፤ ከእሷ ጋር በሩ ሥር ይቀመጣል። ስለ ገብስ ያወራሉ፣ ስለ ላም። አንድ ቀን እየፈራ፣ መጠመቅ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት።

«ይኼን ውሃ ካገኘሁ የምሄደው ወዴት ነው? እሱ ወዳለበት ነው ወይስ እነዚህ ወደሚሄዱበት?» አለችው።

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አላውቅም ማለቱ ነው።

«እንግዲያው በሩ ላይ ልሁን» አለች። «ከዚህ ሁለቱም ይታየኛል።»

የሞተችው በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ፣ አንድ ጠዋት ነው። ያን ጊዜ እኔ ቤት ነበርኩ፣ እጇን ይዤ ነበር። ጨርቁን ከሳጥኑ ላይ አነሳሁት። የሻማ ጠብታ ነበረበት፤ በጥፍሬ ፋቅሁት። ያለችው ጊዜ ደርሷልና፣ መጀመሪያ ላሰበችው አዋልኩት። ሳጥኑ ራቁቱን ቀረ። ፊደሉ እስከ ዛሬ ምን እንደሚል ሳላነበው አለ።

አሁን የምኖረው በቆርቆሮ ቤት ነው። አራት ማዕዘን ነው፣ መሃሉ ላይ ምሰሶ የለውም። አሮጌው ቤት ሲፈርስ ምሰሶውን አንዳንዶቹ ለማገዶ ጥሩ ነው አሉኝ፤ አልሆነልኝም። እንሰቱ መግቢያ ላይ ተከልኩት። ላሞች ይታከኩበታል፣ በጋ ሲሆን ዝንብ ይሰፍርበታል። ለምን እዚያ እንደተከልኩት የጠየቀኝ የለም።

ሥዕሉ አለ። ልጆቼ ከሶዶ ባለ መስታወት ገዝተው አምጥተውልኝ ነበር፤ አመስግኜ ለእነሱ ክፍል ሰጠኋቸው። የእኔው ላይ ያ መዳፍ የሚያህለው ነገር ደርቋል፣ ቢጫ ሆኗል፣ ወረቀቱ ግን አልተቀደደም። ሳጥኑን ያኖርኩት በሩ ሥር ነው። እንግዳ ሲመጣ የጸሎት ቦታ እንዴት በር ሥር ይሆናል ይላል። ብርሃኑ ጥሩ ነው እላለሁ።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ሻማውን ብቻዬን ነው የማበራው። ስጸልይ በሩን በስንዝር ያህል ገልጬ ነው፤ ሻማው እስኪያልቅ። ያ ካቴኪስት በሕይወት ሳለ፣ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፣ እንዲህ ሳደርግ አይቶኝ ነበር።

«ጠራኸው እንዴ?» አለኝ።

«አልጠራሁም፣ መምህር» አልኩት። «ቃሌን ጠብቄአለሁ። በሩን ብቻ ነው የከፈትኩት።»

ካቴኪስቱ ወንበሩን ስቦ፣ ነፋሱ ሻማውን እንዳያጠፋው፣ ጀርባውን ሰጥቶ ከበሩ በኩል ተቀመጠ። ክፍተቱን ግን አልዘጋውም።